ለዘመድ ሆቴል ስንመርጥ

የሚኒ ሚዲያ ክበባችን በዚህ እትም ስለ አካባቢያችን የቱሪስት መስህቦች እንድንጽፍ ነግሮናል። ስለ ባርታ ፏፏቴ ውበት ብዙ ልጆች እንደሚጽፉ ስለማውቅ እኔ ሌላ ነገር መረጥኩ። ፏፏቴውን ሊያይ የመጣ ቤተሰብ የት ይደር? ይህ ጥያቄ ባለፈው ጥቅምት እኛ ቤት ትልቅ ክርክር አስነስቶ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ የሚኖረው አጎቴ ባለቤቱን፣ ሁለት ልጆቹንና የባለቤቱን እናት ይዞ ሊመጣ አሰበ። መንገዱ በጅማ በኩል ከ440 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ደክመው ነው የሚደርሱት። አጎቴ ለአባቴ ደውሎ፣ «ውድ ያልሆነ፣ ግን ንጹሕ የሆነ መካከለኛ ሆቴል ፈልግልን» አለው። አያቴ ይህን ስትሰማ ተቆጣች። «እኔ በሕይወት እያለሁ ልጄ ሆቴል ያድራል? ጎረቤት ምን ይለኛል? መሬት ላይም ቢሆን አነጥፋለሁ!» አለች።

የአያቴ ነገር እውነት አለው። በእኛ አገር እንግዳን፣ ያውም ልጅን፣ ወደ ሆቴል መስደድ ከቤት እንደማባረር ይቆጠራል። የአባቴም ነገር እውነት አለው። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፤ እኛ ራሳችን ስድስት ነን። የአጎቴ ባለቤት እናት ደግሞ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። የእኛ ሽንት ቤት ግቢው ጥግ ነው፤ የቦንጋን ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ሌሊት ጭቃው ለእኛም ያስቸግራል። አባቴ ይህን ቢያስረዳትም አያቴ ሁለት ቀን አኮረፈች።

ቅዳሜ አባቴ እኔንና ታላቅ እህቴን ይዞ ሆቴል ለማየት ወጣ። እኔ ደብተር ይዤ ሁሉንም ጻፍኩ። ሦስት ሆቴሎች አየን። ማስታወቂያ እንዳይሆን ስማቸውን አልጠራም።

የመጀመሪያው አልጋው ርካሽ ነው። ግን ሻወሩና ሽንት ቤቱ የጋራ ነው፤ ከሥሩም ግሮሰሪ ስላለ ሙዚቃው ግድግዳውን ያንቀጠቅጣል። «እዚህ ሕፃን አይተኛም» አለ አባቴ። ሁለተኛው አዲስ ሕንፃ ነው። ወለሉ ያበራል፣ ቴሌቪዥኑም ትልቅ ነው። ይሁን እንጂ ያልተያዙት ክፍሎች ሦስተኛ ፎቅ ላይ ናቸው፤ ሊፍት የለውም። ዋጋውም ከመጀመሪያው እጥፍ ነው። ሦስተኛው አሮጌ ነው፤ ክፍሎቹ ግን ምድር ላይ ሆነው ግቢውን ከብበውታል፤ መኪና ማቆሚያም አለው። እህቴ ገብታ ቧንቧውን ከፈተች፤ ውሃ መጣ። አንሶላውንም ገልጣ አየች። እንግዳ ተቀባዩ፣ «አንዳንድ ቀን ውሃ ይጠፋል፤ ለዚያ ይኼ አለን» ብሎ ሮቶውን አሳየን። ችግሩን ሳይደብቅ መናገሩ አባቴን ደስ አሰኘው። ለልጆቹም ተጨማሪ ፍራሽ በነፃ እንደሚሰጥ ተስማማን።

እህቴ፣ «ለፏፏቴው የሚቀርበውን ለምን አንመርጥም?» ብላ ጠየቀች። አባቴ እንዲህ አለ፤ «ፏፏቴው ዘንድ የሚቆዩት ግማሽ ቀን ነው፤ የሚተኙት ግን ሦስት ሌሊት ነው።» እኔም ያን ጊዜ በክፍል የተማርነው ትዝ አለኝ። ጢስ ዓባይን የሚጎበኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያድረው ባሕር ዳር ነው፤ ፏፏቴው ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ጢስ ዓባይ ከ40 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ነገር ግን ከውሃው ከፊሉ ወደ ኤሌክትሪክ ማመንጫ ስለሚሄድ በበጋ ሊሳሳ ይችላል። ስለዚህ ጎብኚ ከሆቴል በፊት ወቅቱን መጠየቅ አለበት። የእኛ እንግዶች በጥቅምት መምጣታቸው ጥሩ ነበር፤ ክረምቱ ወንዙን ሞልቶት ነው የወጣው።

ሦስተኛውን ያዝን። ከቤታችን በእግር አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ለአያቴ ይህን ስንነግራት ትንሽ ዝም ብላ፣ «እሺ፣ ማደሩን ይደሩ። ቡናና እራት ግን እዚህ ነው!» አለች። ክርክሩ በዚሁ አለቀ።

እንግዶቹ መጡ። እሑድ ወደ ባርታ ስንሄድ መኪናው እስከ ፏፏቴው ስለማይደርስ የቀረውን በእግር ሄድን። ጫካው ውስጥ ገና ሳናየው ድምፁ ይሰማን ነበር። የአጎቴ ልጆች ጠብታው ፊታቸውን ሲያረጥበው ይጮሁ ነበር። የአጎቴ ባለቤት እናት ግን ቁልቁለቱን ስለማይችሉ አልሄዱም። ጧት አባቴ ቀስ ብሎ ከሆቴሉ ወደ ቤታችን አመጣቸው፤ ቀኑን ሙሉ ከአያቴ ጋር ቡና ሲጠጡና ቆጮ በማር ሲበሉ ዋሉ። ሆቴሉን ፏፏቴው አጠገብ ብንይዝ ኖሮ እሳቸው ብቻቸውን አልጋ ላይ ይውሉ ነበር። ስንመለስ ሁለቱ አሮጊቶች እየሳቁ አገኘናቸው። አያቴም፣ «ዛሬ እሳቸው እዚህ ነው የሚያድሩት!» አለች። ማንም አልተከራከራትም፤ እኔና እህቴ አልጋችንን ለቀቅን።

ሰኞ ብሔራዊ የቡና ሙዚየምን አይተው ማክሰኞ ተመለሱ።

ጓደኞቼ፣ የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኖ ተመዝግቧል። ቡናችንንና ደናችንን ሊያይ የሚመጣ ሰው ገና ብዙ ነው። ዘመድ ሲመጣባችሁ ሆቴሉን ከውጭ በቀለሙ አትምረጡ። ገብታችሁ ቧንቧ ክፈቱ፣ ደረጃውን ቁጠሩ፣ ማታ ሙዚቃ መኖሩን ጠይቁ። ከሁሉ በፊት ግን ከመካከላቸው የሚደክመው ማን እንደሆነ አስቡ። ለእሱ የሚመች ከሆነ ለሁሉም ይመቻል። ቡናው ግን እቤት ይሁን!

 

ከ8ኛ ለ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል