የሴኮንድ አንድ መቶኛ

ለዓይን ጥቅሻ እንኳ አይበቃም። የሰው ልጅ መሣሪያ ሠርቶ ባይለካው ኖሮ የሴኮንድ አንድ መቶኛ የሚባል ጊዜ መኖሩንም ባላወቀ ነበር። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 21 ቀን 1988፣ ማለትም መስከረም 11 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ በሴኡል ኦሎምፒክ ይህች ቁራሽ ጊዜ የአንድን ወጣት ሕይወት ለወጠች፤ የአንዲትን ትንሽ አገር ስም በዓለም አደባባይ አስጠራች፤ አዋቂ ነኝ ባይ ሁሉ ሲደጋግመው የኖረውንም አጉል እምነት አፈረሰች። ወጣቱ አንቶኒ ኔስቲ ይባላል፤ አገሩም ሱሪናም ናት።

ሱሪናም በደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ጠረፍ፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር የምትገኝ፣ እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ድረስ በኔዘርላንድ አገዛዝ ሥር የኖረች አገር ናት። በሴኡል ውድድር ዘመን የሕዝቧ ቁጥር 400 ሺህ ገደማ ነበር። ወንዙና ዝናቡ ሞልቶ የተረፋት ይህች አገር ለትልቅ ውድድር የሚመጥን፣ ርዝመቱ 50 ሜትር የሆነ የመዋኛ ገንዳ የነበራት ግን አንድ ብቻ ነው። ኔስቲ በ1967 በትሪኒዳድ ተወለደ፤ ገና ጡት ሳይጥል ወደ ሱሪናም ተወስዶም በዚያው አደገ። በ16 ዓመቱ ለ1984ቱ የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ በቅቶ በ100 ሜትር የቢራቢሮ ዋና ተሰለፈ፤ 21ኛም ወጣ። 21ኛ የወጣን ልጅ ማንም አያስታውሰውም። ከፊቱ ሃያ ሰዎች ነበሩ፤ እነዚያን ሃያ ሰዎች ለመቅደም የቀረው ጊዜ ደግሞ አራት ዓመት ብቻ ነበር።

ኔስቲ ልምምዱን ለማጠናከር ወደ ዩናይትድ ስቴትስ ተጓዘ፤ በፍሎሪዳ ክፍለ ሀገር በጃክሰንቪል ከተማ ቦልስ በተባለው ትምህርት ቤት ገብቶ በአሠልጣኙ በግሬግ ትሮይ እጅ ሠለጠነ። የቦታው ነገር ያስገርማል። ከጃክሰንቪል 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሴንት ኦገስቲን ከተማ፣ በጁን 1964፣ ጥቁሮችና ነጮች የመብት ታጋዮች ለነጮች ብቻ በተከለለ የሆቴል ገንዳ ውስጥ አብረው ስለ ገቡ፣ የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ በዋናተኞቹ መካከል አሲድ ደፍቶ ነበር። በሚሲሲፒ የጃክሰን ከተማ አስተዳደር ደግሞ ጥቁርና ነጭ በአንድ ገንዳ ከሚዋኙ ገንዳው ለሁሉም ይቅር ብሎ የሕዝብ መዋኛዎችን ዘጋ፤ የአገሪቱም ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1971 በአምስት ለአራት ድምፅ ድርጊቱን አጸደቀለት።

በሩ ተዘግቶ ከኖረ በኋላ በውጭ የቀረው ሰው መዋኘት አልቻለም ተባለ። አለመቻሉም ከአጥንቱና ከሥጋው የመጣ ነው ተብሎ ተተረጐመ። ኔስቲ በሴኡል ከመወዳደሩ ከዓመት ተኩል በፊት፣ በኤፕሪል 1987፣ የአንድ ታዋቂ የቤዝቦል ቡድን ከፍተኛ ሹም በቴሌቪዥን ቀርቦ ጥቁሮች ጥሩ ዋናተኛ የማይወጣቸው ሰውነታቸው ለመንሳፈፍ ስለማይመች ነው ሲል በሙሉ ልብ ተናግሯል። ሹሙ በቀናት ውስጥ ሥራውን ለቀቀ፤ አባባሉ ግን የእርሱ ብቻ አልነበረምና አብሮት አልሄደም። በ1976 በሞንትሪያል የኩራሳው ተወላጇ ኤኒት ብሪጊታ ለኔዘርላንድ ዋኝታ ሁለት የነሐስ ሜዳሊያ ማግኘቷን ያስታወሰ ጥቂት ሰው ነበር።

የቢራቢሮ ዋና ከዋና ዓይነቶች ሁሉ ጉልበት ጨራሽ ነው። ዋናተኛው ሁለት ክንዶቹን ባንድነት ከውሃው በላይ አንሥቶ ወደ ፊት ይወረውራል፤ ሁለት እግሮቹም ተጣምረው እንደ ዓሣ ጅራት ውሃውን ይመታሉ። ወደ መጨረሻ ሲቃረብ ትከሻው እንደ ድንጋይ ይከብዳል፤ ሳንባውም አየር ይጠማል። ከሁሉ የሚከፋው የመጨረሻዋ ክንድ ናት፤ ውርወራው ከግድግዳው ጋር በልክ ካልገጠመ፣ ዋናተኛው ወይ ክንዱን ዘርግቶ መንሳፈፍ፣ ወይ አንድ ጊዜ ደግሞ መወርወር ይኖርበታል።

የዚያን ቀን የዓለም ዓይን ያረፈው በአሜሪካዊው በማት ቢዮንዲ ላይ ነበር። ቁመቱ ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋው ይህ ዋናተኛ ማርክ ስፒትዝ በ1972 በሙኒክ ያገኛቸውን ሰባት የወርቅ ሜዳሊያዎች ያህል ያገኛል ተብሎ የተጠበቀ ነው። ግድግዳው ጥቂት ሜትር ሲቀረው መሪው እርሱ ነበር። ነገር ግን ክንዱና ግድግዳው አልገጠሙም፤ ርቀቱ ለተጨማሪ ውርወራ ያነሰ፣ ለመንሳፈፍም የበዛ ሆነበት። ቢዮንዲ መንሳፈፉን መረጠ። “እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ” ይባል የለ! ኔስቲ በዚያች ቅጽበት የመጨረሻ ውርወራውን በልኩ አሳርፎ ግድግዳውን መታ። ሰሌዳው ለኔስቲ 53.00፣ ለቢዮንዲ 53.01 ሴኮንድ አሳየ። በዚያ ፍጥነት የሴኮንድ አንድ መቶኛ በርቀት ሲተመን ሁለት ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም፤ ከጣት አንጓ ያነሰ ነው።

በዚህች ርቀት ኔስቲ በኦሎምፒክ የዋና ታሪክ በግል ውድድር የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ። ሱሪናምም የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ሜዳሊያዋን አገኘች። አበበ ቢቂላ በ1960 በሮም አደባባይ በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ “ይህ ሰው ማነው? ከየት መጣ?” እንደ ተባለ የሚያስታውስ ኢትዮጵያዊ፣ በፓራማሪቦ ጎዳናዎች የሆነውን ደስታ ለመገመት አይቸገርም። አገሩ በስሙ ቴምብርና ሳንቲም አወጣች፤ የስፖርት አዳራሽም ሰየመችለት።

ድሉ የአጋጣሚ ነው የሚል ቢኖር መልሱን ብዙ አልጠበቀም። ኔስቲ በጃንዋሪ 1991 በአውስትራሊያ በፐርዝ ከተማ በዚያው ርቀት የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1992 በባርሴሎና ነሐስ ጨመረ። እስከ 2024ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ ማብቂያ ድረስ ሱሪናም ያገኘቻቸው የኦሎምፒክ ሜዳሊያዎች እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። ሆኖም ለዘመናት የተዘጋ በር በአንድ ምት ወለል ብሎ አይከፈትም። ከኔስቲ በኋላ በግል ውድድር ወርቅ ያገኘችው የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ዋናተኛ፣ አሜሪካዊቷ ሲሞን ማኑኤል፣ ለዚህ የበቃችው በ2016 በሪዮ፣ ማለትም ከ28 ዓመት በኋላ ነው።

ኔስቲ ከውድድር ከተሰናበተ በኋላ ከገንዳው ዳር አልራቀም። የአሠልጣኝነትን ሙያ ይዞ በ1999 በተማረበት በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ረዳት አሠልጣኝ ሆነ፤ በ2018 የወንዶቹ፣ በ2021 ደግሞ የሴቶቹም ዋና አሠልጣኝ ለመሆን በቃ። ረጅም ርቀት በመዋኘት የታወቁት ኬቲ ሌዴኪና ቦቢ ፊንክ በእርሱ እጅ ሠልጥነው በፓሪስ ወርቅ አገኙ። በዚያው በፓሪስ የዩናይትድ ስቴትስን የወንዶች የዋና ቡድን የመራው እርሱ ነበር፤ ለአገሪቱ የኦሎምፒክ የዋና ቡድን በዋና አሠልጣኝነት የተሾመ የመጀመሪያው ጥቁርም ሆነ። የጥቁር ሰውነት ለመንሳፈፍ አይመችም በተባለበት አገር፣ ምርጥ ዋናተኞች እንዴት መንሳፈፍ እንዳለባቸው የሚነግራቸው አንድ ጥቁር ሰው ሆነ።

ይህን ታሪክ የሚያነብ ሰው ዓይኑ በዚያች የሴኮንድ መቶኛ ላይ ብቻ ቢያርፍ አይፈረድበትም። ይሁንና ከእርሷ በፊት በየማለዳው ውሃ ውስጥ የገባ ልጅ ነበረ፤ ከልጁም በፊት የሚገባበት ውሃ ነበረ። ጃክሰን ብዙ ገንዳ ነበራት፤ በሮቹን ዘጋቻቸው። ሱሪናም የነበራት አንድ ገንዳ ነው፤ በሩ ግን ለልጁ ክፍት ነበር።