ባቦጋያ ወይስ ደምበል?

መቼም የአዲስ አበባ ሰው ዕረፍት ሲባል ልቡ የሚሸፍተው ወደ ውሃ ነው። ሦስት ቀን ያገኘ ሁሉ ሐይቅ ያምረዋል። እኛ የአቃቂ ቃሊቲ ሰዎች ደግሞ በዚህ ነገር ሳንታደል አልቀረንም። የደቡቡ መንገድ በደጃችን ያልፋል፤ በቃሊቲ መናኸሪያ "ቢሾፍቱ! ዝዋይ! ሐዋሳ!" የሚለው የወያላ ጥሪ ብቻውን ያስጎመጃል።

ጥያቄው የት እንውረድ ነው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣምና፣ በቤታችን የተዋጣው ገንዘብ ለአንድ ጉዞ ብቻ የሚበቃ ነበር። ጉዞው ለእናታችን የታሰበ ነው። ዕድሜዋ ከሰባ አልፏል፤ ጉልበቷም ደክሟል። ስለዚህ "ያኛውን ሌላ ጊዜ እናያለን" የሚለው ቃል እንደ ቀድሞው በቀላሉ ከአፋችን አልወጣ አለ።

ታላቅ ወንድሜ ባቦጋያ አለ። እውነቱን ነው፤ ቅርብ ነው። ቢሾፍቱ እሳተ ገሞራ የቆፈራቸው ሐይቆች ከተማ ናት፤ ባቦጋያም ከነዚያ አንዱ ነው። ስፋቱ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ጥልቀቱ ግን ከ60 ሜትር ያልፋል። ከአፋፉ ሆነው ቁልቁል ሲያዩት ጸጥ ያለ፣ ዛፍ የከበበው፣ ዓይን የሚያሳርፍ ውሃ ነው። ችግሩ አብዛኛው ዳርቻ የሆቴልና የመዝናኛ ግቢ መሆኑ ነው። ከውሃው ለመድረስ አስቀድሞ በአንዱ በር መግባት፣ መክፈል፣ መቀመጥ፣ ማዘዝ ያስፈልጋል።

እኅቴ ደምበል አለች። ዛሬ ባቱ የምትባለው የዝዋይ ከተማ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ደምበል የባቦጋያ ተቃራኒ ነው። ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተንጣሎ ሳለ፣ በአማካይ ጥልቀቱ ሦስት ሜትር አይሞላም። ከላይ የሚያዩት ሳይሆን ጎን ለጎን የሚቀመጡት ውሃ ነው። መልኩ ደፍርሷል፤ ጉማሬ አለበት፤ ቢልሃርዝያም ስላለበት እግር ነክሮ መጫወት አይመከርም። ወንድሜ ይህን ሲሰማ "ታዲያ የማይነከሩበትን ውሃ ፍለጋ ይህን ሁሉ መንገድ?" አለ።

ክርክሩ ሲጦፍ እናቴ ዝም ብላ ጥጧን ትፈትል ነበር። በመጨረሻ "ልጆቼ፣ ሰው የማይቀርበው ውሃ ልታሳዩኝ ከሆነ እሱማ እደጃችን አለ" አለች።

ይህን ቃል ለመረዳት አቃቂን ማወቅ ያሻል። እናቴ ወጣት ሳለች በአቃቂ ወንዝ ልብስ ታጥብ ነበር፤ ልጆች ይዋኙበት ነበር፤ ከብትም ይጠጣው ነበር። ዛሬ ከከተማው የሚወርደው የፋብሪካና የመንደር ፍሳሽ መልኩንም ሽታውንም ለውጦታል። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ አይደል? እሷ የናፈቀችው የውሃ ውበት ብቻ አይደለም፤ ሰው ሲሠራበት፣ ሲኖርበት፣ ሲጠራራበት ማየት ነው። ቢሾፍቱም ይህ ጨርሶ የለም አይባልም። ከመስቀል በኋላ በሚውለው እሑድ፣ ለእሬቻ እርጥብ ሣር ይዞ ወደ ሆራ የሚወርደው ሕዝብ ውሃው የማን እንደሆነ ይናገራል። እኛ ግን የምንሄደው ከጥምቀት ማግሥት ነበርና ደምበል ተመረጠ።

ባቱ ስንደርስ ጠዋት የወጡት ጀልባዎች ይመለሱ ነበር። ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶውንና አምባዛውን ዳር ላይ ይበልታሉ፤ አባ ኮዳዎች ድርሻቸውን እንደሚጠብቁ ሽማግሌዎች ተሰልፈው ቆመዋል፤ ፔሊካኖች ራቅ ብለው ይንሳፈፋሉ። እናቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ መረብ ከሚጠግን ጎልማሳ ጋር ወሬ ያዘች። በሐይቁ ውስጥ አምስት ደሴቶች እንዳሉ፣ ዛዮች በራሳቸው ቋንቋ እየተነጋገሩ ለዘመናት እንደኖሩባቸው፣ ከሁሉ ትልቁ ቱሉ ጉዶ እንደሆነና በዮዲት ዘመን ጽላተ ሙሴ ወደዚያ ሸሽቶ ነበር መባሉን ነገራት። ያን ቀን ደሴቱን አልረገጥነውም። እሷ ግን እጇን ከዓይኗ በላይ አድርጋ ለረጅም ጊዜ ወደዚያው ተመለከተች።

ደምበልም ቢሆን የማይነጥፍ እንዳይመስለን። የአበባውም የአትክልቱም እርሻ ከዚሁ ሐይቅና ከገባሮቹ ይጠጣል፤ እንቦጭም ገብቶበታል። ከደምበል በቡልቡላ ወንዝ ውሃ የሚደርሰው አብያታ ምን ያህል እንደሸሸ ያየ ሰው አይዘናጋም።

ስንመለስ መኪናው የአቃቂን ድልድይ ሲሻገር ተሳፋሪው ሁሉ በሽታው ምክንያት መስኮቱን ዘጋ። ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ተያይዘው የሚገቡበት አባ ሳሙኤል የሚባል ሐይቅ በራሳችን አገር አለ። ከመቶ ዓመት ብዙም ባልራቀ ጊዜ ተገድቦ ለከተማዋ መብራት የሰጠ፣ ለአያሌ ዓመታት ቆሞ ኃይል ማመንጫው በ2009 ዓ.ም. ታድሶ ዳግም ሥራ የጀመረ ውሃ ነው። ባቦጋያ ወይስ ደምበል እያልን ስንሟገት በሰነበትንበት ቤት ግን ስሙን ያነሳ አልነበረም።