ዳስና ሸራ

ሳንታ ሞኒካ ላይ ብርቱው ነፋስ ሁልጊዜ ከባሕር አይመጣም። ሳንታ አና የሚሉት ደረቅ ነፋስ ከበረሃ ተነሥቶ በተራሮቹ መካከል ወደ ባሕር ይወርዳል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 7 ቀን 2025 በአጎራባቹ ፓሲፊክ ፓሊሴድስ የተነሣውን እሳት ያራገበው ይኸው ነፋስ ነው።

የአንድ ወዳጄን ሞተርሆም የጥላ ሸራ አብረን ስንጠግን የነፋሱን ጉልበት በቅርብ አየሁት። የተቀደደውን ሸራ አጥበንና አድርቀን ከላይም ከታችም በጠጋኝ ፕላስተር ደፈንነው፤ የተጣመመው የብረት ክንድ ግን አልቃና ስላለ ተለወጠ። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ይህን ሁሉ የሚሸከሙት ሁለት ቀጫጭን ክንዶችና ጥቂት ብሎኖች ናቸው። ካስማና ገመድ ለቀላል ነፋስ ይረዳሉ፤ ለብርቱው ግን ክንዱን አጥብቆ ማሰር ጉዳቱን ወደ መኪናው ግድግዳ ማዛወር ነው።

በአገራችን ዳስ ለሰርግ ይጣላል፤ ሰርጉ ሲያልቅ ይነሣል። ማንም ክረምት እንዲያሳልፍ አይጠብቅበትም። ሸራም የዳስ ወገን እንጂ የጣራ ወገን አይደለም። ለካፊያ አንዱን ጎን ዝቅ አድርጎ ውኃውን ማፍሰስ፣ እርጥብ ከተጠቀለለም ፀሐይ ስትወጣ ዘርግቶ ማድረቅ ይገባል። ነፋስ ሲያይል፣ ሲተኙም ሆነ ርቀው ሲሄዱ ግን መጠቅለል ነው።