መፀው በደብረ ታቦር

የደብረ ታቦርን አካባቢ ለመጎብኘት ቢያስቡ ከመስከረም 26 ቀን የሚጀምረውን የመፀው ወራት ይምረጡ። ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ ከጉም ተላቆ የሚታየው፣ ከእርሱ የሚነሡት ርብና ጉማራም እየጠሩ ወደ ጣና የሚወርዱት ያን ጊዜ ነው። በ1850ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩባት ጋፋትም በአደይ አበባ ትደምቃለች።

ይሁንና ውበቱን ብቻ አይተው አይመለሱ፤ የእናቶችንም እጅ ይመልከቱ። ዝናቡ እንዳባራ የባላገሯ እመቤት ኩበት ትጠፈጥፋለች፣ ድንች ታወጣለች፣ አውድማውን በእበት ትለቀልቃለች። ማገዶ ስለጠፋ ለማሳው ፍግ መሆን የሚገባው እበት በምድጃ ነድዶ ይቀራል፤ መሬቱም እየሳሳ ይሄዳል።

በዚሁ ወቅት ትምህርት ቤትም ክፍት ነው። ገብሱ እስኪታጨድ ከወፍና ከዝንጀሮ የሚጠብቀው ሰው ሲታጣ፣ ወይም እናቲቱ ሥራ ሲበዛባት፣ ከትምህርቷ የምትቀረው ብዙ ጊዜ ሴቷ ልጅ ናት።

ስለዚህ አባወራው ውኃ ቢቀዳ፣ ወንድሞቿም ጥበቃውን በተራ ቢካፈሉ፣ ቤተሰቡም ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ቢሠራ ለእናት እረፍት፣ ለማሳው ፍግ ይተርፋል። ልጅቱም ደብተሯን ይዛ በአደዩ መካከል ወደ ትምህርት ቤቷ ትሄዳለች። ያኔ የመፀው ውበት ሙሉ ይሆናል።