ሞተሩ ባሕር ዳር ቀረ

ወደ ዘንገና ሐይቅ የውኃ ናሙና ልንወስድ የተነሣነው ከጣና ሥራችን በቀጥታ ነበር። ጣና ላይ ቤንዚን ሲሞላ ትንሽ ፈስሶ፣ ሐይቁ ላይ ቀስተ ደመና መስሎ ሲዘረጋ ሁላችንም አይተናል። በማግስቱ መምህራችን የጀልባችን ሞተር ባሕር ዳር እንዲቀር ወሰኑ። «ጣና በዓባይ በኩል ይወጣለታል፤ ዘንገና ግን የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ነው፤ የሚፈስበት መውጫ የለውም። የደፋንበት ሁሉ እዚያው ይቀራል» አሉን። ጭቅጭቅ ተነሣ። ጥልቀቱ 166 ሜትር ገደማ የሚደርስ ሐይቅ ላይ በመቅዘፊያ መሥራት ድካም ነው። እሳቸው ግን አልተረቱም።

ዳንግላ ስንደርስ ደግሞ ባረፍንበት ግቢ የላስቲክ ጀልባውን አውርደን እንድናጥብ አዘዙ። ምክንያቱን ለመናገር አልዘገዩም፤ እምቦጭ የሚባለው የውኃ አረም። ጣና ላይ ከታየበት ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ስንቱ ገበሬ ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆሞ በእጁ ሲነቅለው ኖሯል። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ የተቆረጠ ቁራጩም ራሱን ችሎ ይበቅላል። ገመዱን ስፈታ ቋጠሮው ውስጥ የደረቀ ጭቃ አገኘሁ፤ በጣቴ ስፈረፍረው መሐሉ ላይ ጥፍር የምታህል አረንጓዴ ቅጠል ተጣብቃለች። የምን ቅጠል እንደሆነች ለይቼ አላወቅሁም፤ ግን ከዚያች ቅጽበት ወዲህ ማንም አላጉረመረመም። እጣቢው ወደ ጅረት እንዳይገባ ግቢው ጥግ ጉድጓድ ቆፍረን ደፋነው። መረቡንና ገመዱን አጥር ላይ አሰጣን፤ እስኪደርቅም ጠበቅን።

ማታ መምህራችን እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ሌላም ቦታ እንዳለ ሲነግሩን ስለ አንታርክቲካ አጫወቱን። እ.ኤ.አ. በ1989 ለምርምር ጣቢያዎች ስንቅ ታደርስ የነበረችው የአርጀንቲና መርከብ ባሂያ ፓራይሶ ከዐለት ተጋጭታ ነዳጇ ባሕሩን በከለ። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2011 ወዲህ በዚያ ውኃ ከባድ ነዳጅ መጠቀምም ሆነ ጭኖ መሄድ ተከልክሏል፤ ተመራማሪዎችም የባዕድ ተክል ዘር ይዘው እንዳይገቡ ጫማና ልብሳቸውን አጽድተው ነው የሚወርዱት። ሰው የማይሰፍርበት በረዶ ይህን ያህል ከተጠነቀቁለት፣ ሰውና ከብት አጠገቡ ለሚኖረው ዘንገና ማን ይጠንቀቅለት? ያኔ ያልኩት ይህንን ነው፤ ዛሬም እላለሁ።

እንጅባራን አልፈን ዘንገና ስንደርስ ጦጣዎች ከጫካው ብቅ ብለው ተቀበሉን። ዳር ላይ የቆሙ አዛውንት ጀልባውን ዞረው አዩት።

«ልጆቼ፣ ሞተር የለውም?»

«የለውም አባባ።»

«እንኳን አልኖረው።»

ቀዘፍን። ከሰዓት በፊት ያልቃል ያልነው ሥራ ቀኑን ሙሉ ፈጀ፤ ክንዳችን ዝሏል። ነገር ግን ዳክዬዎቹ ከቦታቸው አልተነሡም፤ ወደ ጠርሙሱ የገባውም ውኃ የሐይቁ እንጂ የኛ ቤንዚን አልነበረም።

ወደ ዘንገናም ሆነ ወደ ጥርባ ሐይቅ ለጥናት የምትሄዱ ወንድሞችና እኅቶች፣ ሞተራችሁን ተዉት። ጀልባችሁ ጣናን ነክቶ ከሆነ ደግሞ ሳታጥቡና ሳታደርቁ አታስገቡት።