ስለ ዛገ መጥረቢያ

መጥረቢያ በባላገር ቤት ከማይጠፉት ዕቃዎች አንዱ ነው። ማገዶ የሚፈለጠው፥ የቤት ምሰሶ የሚቆረጠው፥ የሞፈርና የቀንበር እንጨት የሚጠረበው በእርሱ ነው። ይሁን እንጂ መጥረቢያ መያዝን የሚያውቅ ብዙ ነው፤ መምረጥንና መጠበቅን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

መጥረቢያ የሚገዛ ሰው በመልኩ እንዳይታለል ይጠንቀቅ። ቀለም የተቀባና የሚያብረቀርቅ መጥረቢያ በገበያ ላይ ዓይን ይስባል፤ ነገር ግን ቀለም እንጨት አይቆርጥም። አስተዋይ ገዢ ዛቢያ የሌለውን መጥረቢያ በገመድ አንጠልጥሎ በትንሽ ብረት መታ ያደርገዋል። ድምፁ ጥርት ያለ ቢሆን ደኅና ነው፤ እንደ ተሰነጠቀ ሸክላ የታፈነ ቢሆን ግን ስንጥቅ ሳይኖርበት አይቀርምና ይተወዋል። ቀጥሎም ስለቱን በሞረድ ይሞክረዋል። ሞረዱ ያለ ችግር የሚበላው ብረት ልል ነው፥ ቶሎም ይዶለዱማል፤ ሞረዱ በጭንቅ የሚነካው ግን ጠንካራ ነው። በመጨረሻም ዛቢያው የሚገባበትን ቀዳዳ ይመለከታል። ቀዳዳው የተጣመመ እንደ ሆነ መጥረቢያው አይቃናም።

ስለዚህ ዝገት ብቻውን መጥፎ ምልክት አይደለም። ከላይ ብቻ ያለ ዝገት በአሸዋና በዘይት ሲፈተግ ይለቃል። ከዝገቱም በታች ብዙ ጊዜ በገበያ ከሚያብረቀርቀው የሚሻል ብረት ይገኛል።

ዛቢያውም እንደ ብረቱ መመረጥ አለበት። ወይራን የመሰለ ጠንካራ እንጨት ለዚህ ይስማማል። በእንጨቱ ላይ የሚታዩት መስመሮች ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብለው ይሂዱ፤ አንጓም አይኑርበት። እንጨቱ እርጥብ ከሆነ በኋላ ሲደርቅ ይኰማተራል፤ ብረቱም ይላላል። የላላ መጥረቢያ ሲያነሡት ወልቆ በአጠገብ የቆመውን ሰው ሊገድል ይችላል። አንዳንድ ሰው የላላውን መጥረቢያ ውኃ ውስጥ ይነክረዋል። እንጨቱ አብጦ ለጥቂት ቀን ይጠብቃል፤ ሲደርቅ ግን ከቀድሞው ይልቅ ይላላል። ትክክለኛው መድኃኒት ደረቅ ዛቢያ አስገብቶ በጫፉ ሽብልቅ መምታት ነው።

ስለቱ እጅግ የተሸረፈ መጥረቢያ ግን ወደ ባለሙያ ይሄዳል። አንድ አባት እንዲህ ያለውን አሮጌ መጥረቢያ ለልጁ ሰጥቶ ወደ ቀጥቃጭ ላከው። ልጁ በመንደሩ ሲወራ እንደ ሰማው ቀጥቃጭን ይንቅ ነበረ። በደረሰም ጊዜ ሰላምታ ሳይሰጥ፥ «እንካ፥ አንተ ጠይብ! ቶሎ ሥራልኝ» አለ። ሰውየው በዕድሜ ከልጁ አባት ይበልጥ ነበረ፤ ቢሆንም አልመለሰለትም። ልጁም በቀዳዳው ውስጥ የቀረውን የዛቢያ ስባሪ አቃጥሎ ለማውጣት ሲል መጥረቢያውን ወደ ፍሙ ወረወረው።

ቀጥቃጩ ፈጥኖ በጉጠት አወጣውና፥ «ልጄ፥ እንዲህ አይደረግም። ስባሪው በመሮና በመዶሻ ይወጣል። እሳት ያለ ልክ ካገኘው ግን የስለቱ ጥንካሬ ይጠፋል» አለው።

ከዚያም ስባሪውን አውጥቶ፥ ወናፉን እያናፋ ብረቱን አጋለና ስለቱን ቀጥቅጦ አቀናው። ሁለተኛም አግሎ ውኃ ውስጥ ነከረው። ልጁ ሥራው ያለቀ መስሎት እጁን ዘረጋ።

ቀጥቃጩም፥ «ገና ነው። አሁን ጠንክሯል፤ ነገር ግን እንዲሁ ቢቀር እንደ ሸክላ ይሰበራል» አለው። ስለቱንም ወልውሎ ከእሳቱ አጠገብ ቀስ እያለ አሞቀው። የብረቱ መልክ እንደ ጭድ ቢጫ ሲሆን ፈጥኖ አነሣው። «ጥንካሬ ብቻውን አይበቃም። ብረት ጠንካራም ቻይም መሆን አለበት» አለ።

ልጁ ጥቂት ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ፥ «አባባ፥ ይህን ሁሉ ከማን ተማሩ?» ሲል ጠየቀ።

ቀጥቃጩም፥ «ካባቴ። እርሱም ካባቱ» አለና የታደሰውን መጥረቢያ ሰጠው። ልጁም እጅ ነሥቶ ተቀበለው።

ይህ ልጅ በመጀመሪያ ያደረገውን ብዙ ታላላቅ ሰዎችም ያደርጉት ነበረ። በኢትዮጵያ ብረት ሠሪውን ጠይብ፥ ቆዳ አልፊውን ፋቂ እያሉ በሙያው መስደብ የቆየ ክፉ ልማድ ነው። ማረሻውን፥ ማጭዱንና መጥረቢያውን ከቀጥቃጩ የሚቀበል ሰው ከእርሱ ጋር በአንድ ማዕድ መቀመጥን ይጸየፍ ነበረ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ዐዋጅ አውጥተው ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከለከሉ። ዐዋጁ ግን ልማዱን ፈጽሞ አላጠፋውም፤ የሰውን አንደበት የሚያርመው የሰው ልቡና ነውና።

ቀጥቃጮች ዛሬም ይህን ሥራ አልተዉም። ከአሮጌ መኪና የተፈታውን ባሌስትራ አግለው መጥረቢያ ያበጁበታል። ባሌስትራ አረብ ብረት ስለ ሆነ ስለት ይይዛል። ሌላው ሰው ወድቆ ሲያየው ቁራጭ ብረት የሚለውን፥ እነርሱ ለብዙ ዘመን የሚያገለግል መሣሪያ ያደርጉታል።

ከባለሙያ እጅ የወጣውን መጥረቢያ መጠበቅ ግን የባለቤቱ ፈንታ ነው። ሲስለው ድንጋዩን ውኃ እያጠጣ ቀስ ብሎ ይሳለው። በፍጥነት በሚዞር ደረቅ ድንጋይ የተሳለ ስለት ግሎ ሰማያዊ መልክ ቢይዝ በዚያ ስፍራ ጥንካሬው ጠፍቷል። የዶለዶመ መጥረቢያ ከተሳለው ይልቅ አደገኛ መሆኑንም አይርሳ፤ የተሳለው እንጨቱን ይይዛል፥ የዶለዶመው ግን አንሸራቶ እግርን ይመታልና። ሥራውን ሲጨርስ ብረቱን አድርቆ ዘይት ይቀባው፤ ሕፃናት በማይደርሱበት ስፍራም ያኑረው።

ዝገት የብረትን ጥራት እንደማይናገር፥ ስድብም የሰውን ዋጋ አይናገርም። የመጥረቢያውን ስለት የሚወድ ሰው የሠሪውን እጅ አይንቅም።