ሥጋው ቀላሉ ነው

አየር መንገዳችን በሐምሌ 2017 ወደ ሃኖይ መብረር ስለጀመረ ይሁን አይሁን እንጃ፣ ቀራንዮ ያሉ የሰፈሬ ልጆች ስልክ ውስጥ የቬትናም ገጠር በዝቷል። በእርከን የወረደ የሩዝ ማሳ፣ በድንጋይ ተራሮች መሀል የምትንሳፈፍ ጀልባ፣ የቀርከሃ ማደሪያ። ሰሞኑን አንዲት የሰፈራችን ልጅ እናቷንና ታናናሾቿን ይዛ ለሁለት ቀን ከከተማ መውጣት አምሯት፣ «ቬትናሙ ይቅርብኝ፤ አረንጓዴ የሆነ፣ ሩቅ ያልሆነ፣ ሐላል የሚበላበት ቦታ ንገሪኝ እስቲ» አለችኝ። ሌላም የሚጠይቅ ስለማይጠፋ መልሱን እዚሁ ልጻፈው።

ከቬትናም ልጀምር። ከመቶ ሚሊዮን ገደማ ሕዝቧ ሙስሊሙ በጣም ጥቂት ነው። ወጡ ውስጥ የአሳማ ስብ ሊኖር ይችላል፤ ግብዣ ከሆነ የሩዝ አረቄ ይቀዳል። እዚያ የሚሄድ ሙስሊም መውጫው ሁለት ነው። አንደኛው «ቻይ» የሚሉት ከሥጋ ነጻ የሆነ ምግብ ነው። ብዙ የቡድሃ እምነት ተከታዮች በጨረቃ አቆጣጠራቸው በወሩ 1ኛና 15ኛ ቀን ሥጋ ስለማይቀምሱ፣ ይህንኑ ብቻ የሚሸጡ ምግብ ቤቶች አሉ። ሁለተኛው ወደ ደቡብ፣ ወደ ሜኮንግ ወንዝ አካባቢ ወርዶ ቻው ዶክ አጠገብ ያሉትን የቻም ሙስሊሞች መንደሮች መጎብኘት ነው። እዚያ መስጊዱም ምግቡም የመንደሩ ስለሆነ መጠየቅም አያስፈልግ።

ሁለቱም መውጫ እኛ ደጅ ላይ አለ፤ ያውም በተሻለ ሁኔታ።

የጾም ምግብ ስንቱን ሙስሊም መንገደኛ እንደታደገ ማን ቆጥሮት! ኦርቶዶክሱ ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምን፣ ፍልሰታንና ሌላውንም ስለሚጾም፣ የትም የገጠር ከተማ ብትወርዱ ሽሮና ምስር አይጠፋም። ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤታሞች አብረው ሲጓዙ በፍስክ ቀን ትሪው ሁለት ይሆናል፤ ዓርብ ቀን ግን አንድ በያይነቱ ዙሪያ ሁሉም እጁን ይታጠባል። ሥጋም ቢሆን ሰርተፍኬት የሚያስፈልገው አይደለም። ሥጋ ቤቱ ሲከፈት ጀምሮ የሙስሊም ወይም የክርስቲያን ተብሎ ነው፤ ሰርግና ለቅሶ ላይ እንኳ ለየብቻ ታርዶ፣ ለየብቻ ተሠርቶ ነው የሚቀርበው። ይህ ልማድ ከየትኛውም ማኅተም በላይ ያሳምነኛል። ያም ሆኖ ድስቱ ትናንት ምን ሲሠራበት እንደዋለ የሚያሳስበው ሰው አለ። አልፈርድበትም። እንዲህ ያለው ሰው የቡታጅራን መንገድ ይያዝ።

ለእኛ ለምዕራብ አዲስ አበባ ሰዎች መንገዱ ምቹ ነው። በአየር ጤና ወጥቶ ዓለም ገና ላይ ወደ ግራ መገንጠል ነው። መልካ ቁንጡሬ ላይ አዋሽን ትሻገራላችሁ፤ ቦታው የጥንት ሰው የድንጋይ መሣሪያ የተገኘበት ሲሆን ከባልጪት ጋር እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍሯል። ከዚያ ጢያ፣ 36 ትክል ድንጋዮች ያሉበት፤ ከእነሱ መሀል ሰይፍ የተቀረጸባቸው አሉ። ልጆች ካሉ እዚህ ውረዱ፤ ሰይፎቹን መቁጠር ይወዳሉ፤ እናንተም እግራችሁን ታፍታታላችሁ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ቡታጅራ አለች፤ ከጎኗ የዘቢዳር ተራራ፣ ዙሪያዋን እንሰት። ከቡታጅራ ወደ ወራቤ ስታልፉ የስልጤ ምድር ነው። ሕዝቡ በአብዛኛው ሙስሊም ነው፤ መርካቶና ኮልፌ ያለው ነጋዴም ግማሽ ዘመዱ እዚያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቆጮው፣ አይቡ፣ ጎመኑ፣ ከተገኘም አተካናው ሳትጠይቁ ሐላል ነው። የቻው ዶክን መንደር የሚያስንቅ ነው እላለሁ።

የዚህ መንገድ ዋናው የተፈጥሮ መስህብ ደግሞ ሐረ ሸይጣን ነው። ለሐላል ሽርሽር የሰይጣን ሐይቅ መምረጤ ያስቃል፤ እናቴም ስሙን ስትሰማ «አዑዙ ቢላሂ» ብላለች። እሳተ ገሞራ የቆፈረው ክብ ገደል ነው፤ አረንጓዴው ውኃ ከታች ተኝቷል። የአካባቢው ሰው ከአፋፉ የተወረወረ ድንጋይ ውኃው ላይ አይደርስም ይላል፤ የመጣ ሁሉ ይሞክራል። ገደሉ ቁልቁል ስለሆነ ትንንሽ ልጆችን እጃቸውን ይዛችሁ ቁሙ።

ወደሚከብደው ልምጣ። ሰው ስለ ሥጋ ተጨንቆ፣ ስለ ሥጋ ጠይቆ ይሄድና እዚያ ሲደርስ የሚቸገረው በውኃ ነው። እኔ ማደሪያ የምመርጠው በእይታው ሳይሆን በሽንት ቤቱ ነው። ስልክ ደውላችሁ «ሐላል አላችሁ?» ብትሉ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። ይልቅ ሥጋውን ከየትኛው ሥጋ ቤት እንደሚያመጡ ጠይቁ። ሌሊት ውኃ ይኖራል? ሽንት ቤቱ ውስጥ ቧንቧ አለ? ሙዚቃው በስንት ሰዓት ይዘጋል? የመጨረሻዋን እንዳትንቋት። አንድ ሐይቅ ዳር ያደርንበት ቤት ምግቡም ክፍሉም እንከን አልነበረውም፤ የባሩ ድምፅ ማጉያ ግን ለሱብሂ አዛን ሩብ ጉዳይ ሲሆን ነው የተኛው። መጠጥ የሚሸጥበት ቦታ ማደር የማይዋጥላችሁ ደግሞ ከተማ ውስጥ፣ መስጊድ አጠገብ ያለ ቀለል ያለ ፔንሲዮን ያዙና ሐይቁን ቀን እዩት። ለማንኛውም አንድ ጀሪካን ውኃና የፕላስቲክ ማንቆርቆሪያ መኪና ውስጥ ይኑር።

ቂብላ በዚህ መንገድ ላይ አያስቸግርም። መካ ከአዲስ አበባም ከቡታጅራም በስተሰሜን ናት፣ ለጥቂት ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብላ። መኪናው ወደ ደቡብ ሲወርድ ቂብላችሁ በኋላ መስታወት በኩል ነው። ርቀቱም ብዙዎቹ ዑለማዎች ለሙሳፊር ከሚያስቀምጡት 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚያልፍ ባለ አራት ረከዓዎቹን ሰላት ማሳጠር ይቻላል። ዝርዝሩን የሰፈራችሁን ኡስታዝ ጠይቁ፤ እኔ የጉዞ ሰው ነኝ።

አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው መናገሻ ሱባ ይሂድ፤ እሱም በእኛው አቅጣጫ፣ ወጨጫ ተራራ ላይ ነው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ጽዱ፣ ዝግባውና ኮሶው መሀል ጉሬዛ ሲዘል ታያላችሁ፤ ዕድል ከቀናም ድኩላ። ምግብ ከቤት ይያዝ። ከቀራንዮ የተገዛ ሥጋ በደረቁ ተጠብሶ፣ ሳምቡሳ፣ አምባሻ፣ ሻይ በፔርሙዝ። እባካችሁ እሳት እዚያ አታንድዱ። በዚያ ዕድሜ ያለ ጽድ ሥር ሥጋ ካልጠበስኩ የሚል ሰው ሲገጥመኝ ሐራም ነው ለማለት ይቃጣኛል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ሐምሌና ነሐሴ ጭቃው አያስሄድም፤ ከመስከረም አጋማሽ በኋላ መልካም ነው። መስቀል ሲቃረብ ግን ጉራጌው ሁሉ አገሩ ስለሚገባ መንገዱ ይሞላል። ዓረፋ ሲደርስ ደግሞ ተራው የስልጤውና የሙስሊሙ ጉራጌ ነው፤ መኪናም አልጋም አይገኝም። ዓረፋን እዚያ ማየት የሚያስቀና ነገር ነው፣ ግን የሚጠብቃችሁ ዘመድ ቤት ከሌለ አልመክርም። ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ቀን የመስመሩን ሾፌሮች ስለ መንገዱ ሰላም ጠይቁ፤ ከጨለመ አትጓዙ።

መመለሻውን እሑድ ዙሁር እንደተሰገደ አድርጉት። መዝሀባችሁ ከፈቀደ ዙሁርና አስርን እዚያው አጣምራችሁ ስገዱ፤ ዓለም ገና ላይ መኪናው ተቆላልፎ ሲቆም የአስር ወቅት ያልፍብኛል ብላችሁ ሾፌሩን አታጣድፉትም።